ቀኑ ብቻውን አይበቃም፦ በ1913ቱ የጥቅል ፖስታ ቴምብሮች ላይ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴምብር ሰብሳቢዎች ዘንድ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ አሜሪካ በ1913 ሥራ ላይ ያዋለቻቸውን የጥቅል ፖስታ ቴምብሮች በመጀመሪያ ቀን ኤንቨሎፕ ላይ፣ ማለትም ቴምብሩ ሥራ ላይ በዋለበት የመጀመሪያ ቀን ማኅተም በተመታ መልእክት ላይ ለመሰብሰብ ለሚያስቡ ጀማሪዎች ምክር ይሰጣል። በአማርኛ ብዙ ያልተጻፈበትን ጉዳይ ማንሣቱ ያስመሰግነዋል፤ ያረጀ ኤንቨሎፕ በፕላስተር እንዳይጠገን ማሳሰቡም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ከሰጣቸው ምክሮች አብዛኞቹ፣ ጀማሪው ገንዘቡን አውጥቶ ሐሰተኛውን እንዲገዛና እውነተኛውን ንቆ እንዲያልፍ የሚያደርጉ ሆነው ስላገኘኋቸው ምላሽ መስጠት ግድ ሆኖብኛል። ዘመኑን የምጠቅሰው፣ ካልገለጽሁ በስተቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።

የጽሑፉ አሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። እውነተኛ የመጀመሪያ ቀን ማኅተም የጃንዋሪ 1 ቀን 1913 ብቻ ነው፤ የጁላይ 1 የሚባለው ነጋዴዎች የፈጠሩት ነው። ብርቅነትን የሚወስነው የታተመው ብዛት ስለሆነ ባለ 1 ዶላሩን መፈለግ፣ ባለ 1 እና ባለ 2 ሳንቲሙን መተው ይገባል። ጥሩ ኤንቨሎፕ ንጹሕ፣ የታሸገና የመታሰቢያ ሥዕል የታተመበት መሆን አለበት። አውሮፕላን የተሣለበት ባለ 20 ሳንቲም ቴምብር ያለበት ኤንቨሎፕ የመጀመሪያው የአየር ፖስታ መልእክት ነው። የጉድለት ማስከፈያዎቹም ቴምብሮች በዚያው በጃንዋሪ 1 ማኅተም መፈለግ አለባቸው። በመጨረሻም የካታሎግ ዋጋ በቂ መመሪያ ስለሆነ የባለሙያ ምስክር ወረቀት ትርፍ ወጪ ነው፤ ትልልቅ የመጠቅለያ ወረቀቶችም ቴምብራቸው ተቆርጦ ቢቀመጥ ይሻላል።

እኔ የምለው ሌላ ነው። የእነዚህ መልእክቶች ዋጋ የሚመነጨው ከቴምብሩ ወይም ከቀኑ ብቻ አይደለም፤ ቴምብሩ፣ የተከፈለው ታሪፍ፣ የተላከው ነገር ዓይነትና የማኅተሙ ቀን አራቱም በጊዜው ደንብ መሠረት ሲስማሙ ነው። ጽሑፉ የተሳሳተባቸው ቦታዎች ሁሉ ይህን ደንብ ካለማየት የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ከደንቡ ልጀምር።

የአሜሪካ ምክር ቤት የጥቅል ፖስታን ሕግ ያጸደቀው ኦገስት 24 ቀን 1912 ሲሆን፣ አገልግሎቱ የተጀመረው ረቡዕ ጃንዋሪ 1 ቀን 1913፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1905 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ፖስታ ቤቱ በአገር ውስጥ የሚቀበለው ዕቃ ከ4 ፓውንድ እንዳይበልጥ የተወሰነ ስለነበረ፣ ከዚያ የከበደውን የሚያመላልሱት የግል የጭነት ኩባንያዎች ነበሩ። አዲሱ ሕግ ጣሪያውን ወደ 11 ፓውንድ ከፍ አደረገ፤ አገሪቱንም እንደ ርቀቱ በ8 ቀጠና ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቀጠና የተለየ ታሪፍ አወጣ። የፖስታ ሚኒስትሩ ፍራንክ ሂችኮክ ሒሳቡ ከሌላው የፖስታ ገቢ እንዳይቀላቀል ብለው ለአገልግሎቱ የተለዩ 12 ቴምብሮች አሳተሙ፤ ከ1 ሳንቲም እስከ 1 ዶላር ያሉት ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ ቀለም ነበራቸው። ክፍያው የጎደለን ጥቅል ለማስከፈል ደግሞ ጥቁር አረንጓዴ የሆኑ 5 የጉድለት ቴምብሮች ተጨመሩ።

ዋናው ነገር ግን የአጠቃቀሙ ገደብ ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጁን 30 ቀን 1913 ድረስ አራተኛ ክፍል በሚባለው የዕቃ መልእክት ላይ ሊለጠፉ የሚችሉት እነዚህ ቴምብሮች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም በተራ ደብዳቤ ላይ ዋጋ አልነበራቸውም። ተራ ቴምብር ተለጥፎበት የመጣ ጥቅል ትክክለኛው ክፍያ እስኪሟላ ድረስ ይያዝ ነበር። ሕዝቡም የፖስታ ሠራተኛውም በዚህ ክፍፍል ተማረሩ፤ ሁሉም ቴምብር ቀይ መሆኑም በጥድፊያ ሰዓት ባለ 2 ሳንቲሙን ከባለ 20ው ለመለየት አስቸጋሪ አደረገው። ሂችኮክን የተኩት አልበርት በርልሰን ከጁላይ 1 ቀን 1913 ጀምሮ ክፍፍሉ እንዲቀር አዘዙ፤ ከዚያን ዕለት ወዲህ የጥቅሉ ቴምብር በደብዳቤ፣ የደብዳቤው ቴምብር በጥቅል ላይ መለጠፍ ቻለ።

ከዚህ ተነሥተን የጽሑፉን የመጀመሪያ ነጥብ እንመርምር። ጸሐፊው ጃንዋሪ 1ን ቴምብሮቹ «የወጡበት ቀን» ይሉታል፤ ነገር ግን ያ ቀን የአገልግሎቱ መጀመሪያ እንጂ የቴምብሮቹ መውጫ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ከኖቬምበር 1912 መጨረሻ ጀምሮ ለፖስታ ቤቶች መከፋፈል ጀምረው ነበር። በሌላ በኩል ባለ 1 ዶላሩ የወጣው በጃንዋሪ 3፣ ባለ 50 ሳንቲሙ በማርች፣ ባለ 3 ሳንቲሙ ደግሞ በኤፕሪል 1913 ነው። ስለዚህ መመዘኛው የወጡበት ቀን ከሆነ ጃንዋሪ 1 ለአንዳቸውም ልክ አይሆንም፤ ለአንዳንዶቹ ዘግይቷል፣ ለሌሎቹ ገና ነው። መመዘኛው ቴምብሩ በሕግ መክፈያ የሆነበት ቀን ከሆነ ደግሞ፣ ያ ቀን ለጥቅል ጃንዋሪ 1፣ ለደብዳቤና ለፖስታ ካርድ ጁላይ 1 ነው። ጸሐፊው አንዱን ይዘው ሌላውን የሚጥሉበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለቱም የመጀመሪያ ቀናት ናቸው፤ የሚለያዩት በምን የመጀመሪያ ቀን እንደሆኑ ነው። የጁላይ 1ን ኤንቨሎፕ ነጋዴ አልፈጠረውም፤ የፈጠረው የፖስታ ሚኒስቴሩ ትእዛዝ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለኢትዮጵያ ቴምብር ሰብሳቢዎች እንግዳ ሊሆን አይገባም። በ1894 የታተሙት የዳግማዊ ምኒልክ ቴምብሮች አገራችን በኖቬምበር 1 ቀን 1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ ወደ ውጭ በሚሄድ ደብዳቤ ላይ ብቻቸውን አይበቁም ነበርና፣ የጅቡቲ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይጨመርባቸው ነበር። ልምድ ያለው ሰብሳቢ የሐረርን ማኅተም የያዘ ደብዳቤ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቴምብሩ መቼ እንደታተመ አይደለም፤ በዚያን ቀን እስከ የት ድረስ ያስኬድ እንደነበረ ነው። ለአሜሪካውም የጥቅል ቴምብር ጥያቄው ያው ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ተግባራዊ ማስጠንቀቂያ አለ። ባለ 1 ዶላር፣ ባለ 50 ወይም ባለ 3 ሳንቲም ቴምብር በጃንዋሪ 1 ቀን 1913 ማኅተም ተመትቶ ለሽያጭ ከቀረበ ሐሰት መሆኑ ግልጽ ስለሆነ ሻጩን ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አያስፈልግም። ጽሑፉ ግን ለጀማሪው «ባለ 1 ዶላሩን በጃንዋሪ 1 ማኅተም ካገኘህ ዓይንህን ሳታሽ ግዛ» ይላል። ይህን ምክር የሚከተል ሰው የሚገዛው ሐሰተኛ ዕቃ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ ኅትመቱ ብዛት ስንመጣ፣ ቁጥሮቹ ራሳቸው ትክክል ናቸው፤ የተሳሳተው ከቁጥሮቹ የተወሰደው ትርጓሜ ነው። ባለ 1 ሳንቲሙ ከ209 ሚሊዮን በላይ፣ ባለ 2 ሳንቲሙ ከ206 ሚሊዮን በላይ፣ ባለ 1 ዶላሩ ደግሞ ከ1 ሚሊዮን እምብዛም ያልበለጠ ቅጂ ወጥተዋል። ስለ ነጠላ ቴምብር የምንነጋገር ከሆነ ይህ ልዩነት ብዙ ይናገራል። ስለ ሙሉ መልእክት ስንነጋገር ግን ጥያቄው ስንት ታተመ የሚለው መሆኑ ይቀርና፣ ስንቱ በዚያን ቀን፣ በትክክለኛው ዕቃ ላይ ተለጥፎ፣ ቀን ባለው ማኅተም ተመትቶ፣ ከዚያም ከቆሻሻ ቅርጫት ተርፎ ደረሰን የሚለው ይሆናል።

አገልግሎቱ ሲጀመር የነበረውን ግርግር እናስብ። በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ውስጥ ሪፖርት ያቀረቡት 1,594 ፖስታ ቤቶች ብቻ ከ4 ሚሊዮን በላይ ጥቅሎችን አስተናግደዋል፤ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት የተላከው ጥቅል ደግሞ ወደ 300 ሚሊዮን ይደርሳል። ይህ ሁሉ ጥቅል ቴምብር ነበረበት፤ ተቀባዩ ግን እንቁላሉን ወይም ጫማውን ሲያወጣ መጠቅለያውን ምድጃ ውስጥ ይጨምረዋል። ቴምብር የሚሰበስብ ልጅ ካለበት ቤት ቢደርስ እንኳ ልጁ ቴምብሩን በውሃ አላቆ ወረቀቱን ይጥላል። ከዚህም ሌላ የአራተኛ ክፍል ዕቃ በአብዛኛው የሚመታው ቀን በሌለው ከባድ ማኅተም ነበር፤ በብዛት የሚልኩ ነጋዴዎችም ከተማው አስቀድሞ የታተመበትን፣ ስለዚህም ቀን የሌለውን ቴምብር ይጠቀሙ ነበር። በመሆኑም በጃንዋሪ 1 በእርግጥ ከተላኩት ጥቅሎች መካከል እንኳ ቀኑን የሚመሰክር ማኅተም የያዙት ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱ ደግሞ እስከ ዛሬ የተረፉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ከ200 ሚሊዮን በላይ የታተመው ባለ 1 ሳንቲም፣ ቀኑ በሚነበብ የጃንዋሪ 1 ማኅተም በትክክለኛ መልእክት ላይ ሲገኝ፣ ያልተመታ ባለ 1 ዶላር የማይደርስበት ብርቅ ነገር ነው። ያልተመታውን ባለ 1 ዶላር ገንዘብ ያለው ሰው በማናቸውም ትልቅ ጨረታ ሊገዛው ይችላል።

ባለ 1 ዶላሩ ግን ሌላ የሚያስደስት ጉዳይ አለው፤ ጽሑፉ በዋጋው ተወስዶ ሳያየው አልፏል። በሕጉ የመጀመሪያ ታሪፍ ይህን ቴምብር ብቻውን የሚጠይቅ ጥቅል የትኛው ነበር ብለን ብንጠይቅ መልሱን በስሌት ማግኘት እንችላለን። በስድስተኛው ቀጠና፣ ማለትም ከ1,000 እስከ 1,400 ማይል ባለው ርቀት፣ የመጀመሪያው ፓውንድ 10 ሳንቲም፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ፓውንድ 9 ሳንቲም ያስከፍል ስለነበረ፣ በሕግ የተፈቀደው ትልቁ 11 ፓውንድ በትክክል 1 ዶላር ይመጣል። በስምንተኛው ቀጠና ለእያንዳንዱ ፓውንድ 12 ሳንቲም ስለሚከፈል ለ11 ፓውንድ 1 ዶላር ከ32 ሳንቲም ይደርሳል፤ ከዚህ በላይ የሚከፈል መደበኛ የጥቅል ታሪፍ አልነበረም። በአንጻሩ በዚያው ከተማ ውስጥ ለሚደርስ ጥቅል የመጀመሪያው ፓውንድ 5 ሳንቲም፣ ተጨማሪው 1 ሳንቲም ስለነበረ፣ 11 ፓውንድ የሚመዝነው ከተላከበት ከተማ ሳይወጣ በባለ 15 ሳንቲሙ ቴምብር ብቻ ይደርሳል፤ በዚያ ቴምብር ላይ የተሣለው የፖስታ መኪና መሆኑ ደግሞ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። አንድ ሰብሳቢ ይህን ሠንጠረዥ አጠገቡ አስቀምጦ በመጠቅለያው ላይ የተለጠፈውን ቴምብር ከላኪውና ከተቀባዩ ከተማ ርቀት ጋር ቢያመሳክር፣ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው በመለየት ረገድ ከማናቸውም የዋጋ ዝርዝር ይልቅ ይጠቅመዋል።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም ይልቅ ጎጂው ነው። ጽሑፉ ጀማሪው «ንጹሕ፣ በሚገባ የታሸገ፣ የመታሰቢያ ሥዕልና የመጀመሪያ ቀን የሚል ጽሑፍ ያለበት» ኤንቨሎፕ እንዲፈልግ ይመክራል። እነዚህ መመዘኛዎች የተወሰዱት በኋላ ዘመን ከመጡት ኤንቨሎፖች ነው። ፖስታ ቤቱ አዲስ ቴምብር በዚህ ቀን በዚህ ከተማ ይወጣል እያለ አስቀድሞ ማስታወቅ የጀመረው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የመታሰቢያ ሥዕል ያለበትን የመጀመሪያ ቀን ኤንቨሎፕ በማዘጋጀት የመጀመሪያው ተደርጎ የሚጠቀሰው ጆርጅ ሊን ሥራውን ያቀረበውም በሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 ለፕሬዚዳንት ሃርዲንግ መታሰቢያ በወጣው ቴምብር ነው። በ1913 ይህ ልማድ አልተወለደም ነበር። እንግዲህ በጃንዋሪ 1 ቀን 1913 ማኅተም የተመታና ከዚያው ጊዜ ነው የተባለ የመታሰቢያ ሥዕል ያለው ኤንቨሎፕ ሲቀርብልን፣ ቢያንስ ሥዕሉ በኋላ እንደተጨመረበት፣ ሲከፋም ሁሉም ነገር ሐሰት እንደሆነ እናውቃለን።

መታሸጉም እንዲሁ ነው። የአራተኛ ክፍል መልእክት ለምርመራ ክፍት መሆን ነበረበት፤ የታሸገ ነገር እንደ ደብዳቤ ተቆጥሮ በደብዳቤ ታሪፍ ይከፈልበታል፣ በዚያ ላይ ደግሞ የጥቅል ቴምብር እስከ ጁላይ 1 ድረስ አይሠራም ነበር። ስለዚህ በጃንዋሪ 1 ማኅተም የተመታ፣ ሙጫው ተለጥፎ የተዘጋ፣ ባለ 2 ሳንቲም የጥቅል ቴምብር ያለበት የደብዳቤ ኤንቨሎፕ ጸሐፊው እንደሚሉት ምርጡ ናሙና አይደለም፤ ደንቡን የጣሰ መልእክት ነው። እንዲህ ያሉ መልእክቶች ሠራተኛው ሳያስተውል አልፈው ዛሬ ይገኛሉ፤ የሚሰበስቧቸውም አሉ፣ እኔም አልነቅፋቸውም። ነገር ግን መጠሪያቸው ያለ አግባብ የዋለ ቴምብር ነው፤ በትክክለኛው መልእክት ዋጋም ሊሸጡ አይገባም።

ታዲያ በጃንዋሪ 1 እውነተኛ መልእክት ምን ይመስላል? በኤንቨሎፕ መጠን የሚገኙት በአመዛኙ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከ4 አውንስ ያልበለጠ የሸቀጥ ናሙና ነው፤ ለዚህ ርቀቱ ምንም ያህል ቢሆን ለእያንዳንዱ አውንስ 1 ሳንቲም ይከፈል ነበርና ባለ 1፣ ባለ 2 እና ባለ 4 ሳንቲሙ ተገቢ ቦታቸውን የሚያገኙት እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ዘርና የተክል ሥር የተላከበት ነው፤ ለእርሱ በየ2 አውንሱ 1 ሳንቲም የሚል የተለየ ታሪፍ ነበረው። ሁለቱም ክዳናቸው ያልተለጠፈ ወይም በሽቦ ቁልፍ የተያዘ ይሆናል። ከእነዚህ ውጭ ያለው ቡናማ የመጠቅለያ ወረቀት፣ የካርቶን ክዳን፣ በገመድ የታሠረ የአድራሻ ካርድ ነው። የላኪውን ስምና አድራሻ መጻፍ በጥቅል ላይ ግዴታ ስለነበረም፣ ላኪው ያልተጻፈበት ጥቅል ጥያቄ ያስነሣል። መልኩ አያምርም፤ የገመድ ጠባሳ፣ እጥፋትና እድፍ አለበት። ጽሑፉ እንዲጣል የሚመክረው ይህንኑ ነው።

የማኅተሙን ንባብ በተመለከተ ጽሑፉ ምንም ስላላለ ጥቂት ልጨምር። በእንግሊዝኛው አህጽሮት ጃንዋሪና ጁን የሚለያዩት በመካከለኛዋ ፊደል ብቻ ነው፤ ማኅተሙ በመጠቅለያ ወረቀት ላይ ሲደበዝዝ አንዱ ሌላውን ይመስላል። የጁን 1 ቀን 1913 መልእክት ለጥቅል ትክክለኛ ቢሆንም ተራ ዕቃ ነው። የአዲስ ዓመት ዕለት ሠራተኛው የማኅተሙን ዓመት መቀየር ረስቶ የ1912 ጃንዋሪ 1 የሚል ማኅተም ቢመታ ደግሞ፣ ቴምብሮቹ በዚያን ጊዜ ፈጽሞ ስላልነበሩ ስሕተቱ ራሱን ይገልጣል፤ እንዲህ ያለውን መልእክት በችኮላ ሐሰት ነው ማለት አይገባም። ከሁሉም በላይ ማኅተሙ ቴምብሩንና ወረቀቱን አብሮ መምታት አለበት፤ ቴምብሩ ላይ ቆሞ ወረቀቱ ላይ የማይቀጥል ማኅተም፣ ሌላ ቦታ የተመታ ቴምብር ተልጦ እንደተለጠፈበት ያሳያል።

ባለ 20 ሳንቲሙን በተመለከተ ብዙ አልልም። አውሮፕላን የተሣለበት የዓለም የመጀመሪያው ቴምብር መሆኑ እውነት ነው፤ ጸሐፊው ይህን ማንሣታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን በቴምብር ላይ አውሮፕላን መሣል በአውሮፕላን መላክ ማለት አይደለም። ከዚያ በፊት እንደ ሴፕቴምበር 1911 የሎንግ አይላንድ በረራ ያሉ ሙከራዎች ተደርገዋል፤ መደበኛው የአየር ፖስታ አገልግሎት ግን በዋሽንግተን፣ በፊላደልፊያና በኒውዮርክ መካከል የጀመረው ሜይ 15 ቀን 1918 ነው፤ ለእርሱም የተለየ ቴምብር ወጥቶለታል። በ1913 ባለ 20 ሳንቲም የተለጠፈበት ጥቅል የሄደው በባቡር፣ በጋሪ ወይም በእግረኛ ፖስተኛ ነው። ይህን ኤንቨሎፕ በአየር ፖስታ ስብስብ ውስጥ የሚያስገባ ማስረጃ የለም።

የጉድለት ማስከፈያዎቹን በተመለከተ ጽሑፉ የሚሳሳተው አሠራሩን ባለማሰብ ነው። የጉድለት ቴምብር የሚለጥፈው ላኪው ወይም የተላከበት ፖስታ ቤት ሳይሆን ዕቃውን የሚያስረክበው ፖስታ ቤት ነው። ስለዚህ በጃንዋሪ 1 ከሩቅ ከተማ የተላከ ጥቅል ጉድለቱ የሚከፈልበት ሲደርስ፣ ማለትም ከቀናት በኋላ ነው፤ በዚያው ቀን ሊሆን የሚችለው በአንድ ከተማ ውስጥ ተልኮ በዚያው ዕለት ለተረከበ ጥቅል ብቻ ነው። ይህን ባሕርይ ሳይረዱ አረንጓዴዎቹን በጃንዋሪ 1 ማኅተም ፈልጉ ማለት ሰብሳቢውን ለአስመሳይ ነጋዴ ማመቻቸት ነው።

የቀረው የዋጋና የምስክር ወረቀት ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ሰብሳቢዎች የሚመሩበት የቴምብር ዝርዝር፣ የስኮት ካታሎግ፣ እነዚህን ቴምብሮች ከሌሎቹ በተለየ ፊደል መዝግቦ፣ የጥቅሉን የመጀመሪያ ቀንና የደብዳቤውን የመጀመሪያ ቀን ለይቶ ያውቃቸዋል፤ ይህም ጸሐፊው ጁላይ 1ን ከጣሉበት አቋም ጋር አይሄድም። ካታሎግ ዋጋ የሚሰጠው ግን እውነተኛና በደህና ሁኔታ ላለ መልእክት ነው፤ በእጃችን ያለው እውነተኛ ይሁን አይሁን አይነግረንም። በጥቅል ቴምብር ላይ ማታለል ቀላል የሆነበት ምክንያትም አለ፤ ቴምብሩ ራሱ፣ በተለይም ባለ 1 እና ባለ 2 ሳንቲሙ፣ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል፤ የ1913 የድሮ ኤንቨሎፕም እንዲሁ። አታላዩ የሚጨምረው ማኅተሙን ብቻ ነው። ርካሽ ዕቃ በአንድ ማኅተም ውድ በሚሆንበት ቦታ፣ በ1945 የተቋቋመውን የኒውዮርኩን ፊላቴሊክ ፋውንዴሽንን የመሰለ ተቋም የሚሰጠው የምስክር ወረቀት የግዢው አካል እንጂ ትርፍ ወጪ አይደለም። ሻጩ ዕቃው በምርመራ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡን ለመመለስ በጽሑፍ ካልተስማማ አለመግዛት ይሻላል። ሰነዱን ከመጠየቅ በፊት ዓይንን ማለማመድ ለሚፈልጉ፣ በተለይ በዋሽንግተንና በአካባቢው ለሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ከዩኒየን ስቴሽን አጠገብ ያለው ብሔራዊ የፖስታ ሙዚየም በነፃ የሚጎበኝ መሆኑን ልጠቁም።

ትልልቅ መጠቅለያዎች ቴምብራቸው ተቆርጦ ይቀመጥ የሚለውን ምክር ግን ማንም እንዳይከተለው አደራ እላለሁ። ቴምብሩ ከተቆረጠ አድራሻው ይጠፋል፤ አድራሻው ከጠፋ ቀጠናው አይታወቅም፤ ቀጠናው ካልታወቀ ደግሞ የተከፈለው ታሪፍ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጥ የለም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማኅተም ያለበት አንድ ቀይ ቴምብር ነው፤ እንዲህ ያለውን ማንኛውም ነጋዴ በሳጥን ያቀርበዋል። አልበሙ ለመጠቅለያው ካልበቃ፣ ወረቀቱን በቀድሞው እጥፋቱ ብቻ አጥፎ አሲድ በሌለው ሰፊ የካርቶን አቃፊ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እጥፋቱ በቴምብሩ ላይ የሚያልፍ ከሆነም ሳይታጠፍ ተዘርግቶ ይቀመጥ።